ንጉሥ አይከሰስ፣ ዴሞክራሲስ?

«ዴሞክራሲ ለእኛ አይሆንም» የሚል ሰው በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ ከምሳ በኋላ። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ በኑሮ ውድነት ወይም በመንገድ መዘጋት ይጀምርና «እኛን ቀጥ አድርጎ የሚገዛ አንድ ቆፍጣና ሰው ነው የሚያስፈልገን» በሚል ያልቃል። ከዚያ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል፤ ወይ ደግሞ አንዱ ብድግ ብሎ «አንተ የአምባገነን ርዝራዥ!» ይለውና ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ሦስተኛውን ነገር፣ ማለትም ሰውየውን ቁጭ አድርጎ «እስቲ እንዴት? አስረዳኝ» ብሎ መጠየቅን፣ ሲደረግ ያየሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ሦስተኛው ነው። ሰውየው ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ግን ዴሞክራሲን የሚወድ ሰው ዴሞክራሲን የሚነቅፈውን የመስማት ግዴታ አለበት ወይ? ካለበትስ እስከ የት ድረስ?

ሙግት ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ!» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ እንደተኳረፉ፣ ጎን ለጎን ወደ ዳኛው ይሄዱ ነበር። ተሟጋቹ ለቃሉ ዋስ ይጠራል፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «ተጠየቅ!» የሚለው አጀማመር ነው። ይህን ብሎ የሚነሣ ሰው የራሱን መጠየቅ አስቀድሞ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ሙሉ አባባሉ «ተጠየቅ ልጠየቅ» ነውና። ጠያቂ ብቻ ሆኖ መቅረት የሚባል ነገር የለም።

ይሁንና ይኸው ለሙግት የተፈጠረ የሚመስል ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረትም አለው። ስለ መሬት፣ ስለ ሚስት፣ ስለ በሬ፣ ስለ ድንበር እስኪመሽ መሟገት ይቻላል። ፍርድ የሚሰጠው ሥልጣን ከየት መጣ፣ ይገባዋል ወይ ብሎ መሟገት ግን ሰማይ እንደማረስ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሳይቀር የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማያከራክር መሆኑን በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። ተረቱ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ንጉሡ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆነ። ዙፋኑ ግን ባዶ የሚቀር አይመስልም፤ ሁልጊዜ የማይከሰስ ነገር ይቀመጥበታል። አብዮቱ ተቀምጦበታል። «ልማታችን» ተቀምጦበታል። እኛ ዴሞክራሲን እንወዳለን የምንል ሰዎች ደግሞ፣ ሳናስበው፣ ዴሞክራሲን ራሱን አውጥተን ልናስቀምጠው የምንችል ይመስለኛል። ነቃፊውን «አንተማ» ብለን ባስወጣነው ቁጥር የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 አቴና ውስጥ የተደረገው ክርክር ነው። ታሪኩን የጻፈልን ቱሲዲደስ ነው። በሌስቦስ ደሴት ላይ ያለችው የሚቲሊኒ ከተማ በአቴና ላይ ታምፅና ትሸነፋለች። የአቴና ጉባኤ በንዴት ተሰብስቦ የሚቲሊኒ ወንዶች አዋቂ የሆኑ በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ይሸጡ ብሎ ይወስናል። ትእዛዙን የያዘ መርከብ ወዲያው ይላካል። በማግስቱ ሰዉ ጸጸት ገባው። የጥፋተኞቹን ብቻ ሳይሆን የከተማውን ሕዝብ በሙሉ መፍጀት ጭካኔ ነው የሚል ስሜት በረታ፤ ጉባኤው እንደገና ተጠራ።

በዚህ ሁለተኛ ጉባኤ ላይ የተነሣው ክሊዮን ነበር። ክሊዮን በዘመኑ ከማንም በላይ የሕዝቡ ተወዳጅ የነበረ ተናጋሪ ነው። የተናገረው ግን፣ በዛሬ አነጋገር፣ የዴሞክራሲ ነቀፋ ነው። ዴሞክራሲ ሌሎችን መግዛት አይችልም፣ ዛሬ ያላችሁትን ነገ ታፈርሳላችሁ፣ ንግግር እንደ ተውኔት ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ የማይለወጥ መጥፎ ሕግ ከሚወላውል ጥሩ ሕግ ይሻላል ይላል። ይህን ጉዳይ እንደገና ለመክፈት የሚነሣ ሰው ወይ ብልጣብልጥ ነው ወይ ጉቦ በልቷል ሲልም ያክላል። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ።

የመለሰለት ዲዮዶተስ የሚባል፣ ከዚህ ንግግር በቀር ታሪክ የማያውቀው ሰው ነው። ችኮላና ንዴት የመልካም ምክር ጠላቶች ናቸው አለ። ንግግር ለሥራ መሪ መሆን የለበትም የሚል ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ የሚደብቀው ጥቅም አለው አለ። ከዚያም፣ የሚገርመው፣ ስለ ርኅራኄ አንድም ነገር አልለመነም። የተሸነፈውን ሁሉ የምንገድል ከሆነ ነገ የሚያምፅ ከተማ እጁን ሊሰጥ ምን ያተርፋል ብሎ በጥቅም ሂሳብ ተከራከረ። አንድ ምሬትም ጣል አድርጓል፤ በዚህች ከተማ ጥርጣሬው ከመብዛቱ የተነሣ ጥሩ ምክር ያለው ሰው እንኳ ለመታመን መዋሸት አለበት ብሏል። እዚህ ላይ ዲዮዶተስም ዴሞክራሲውን እየነቀፈ ነው! ሁለቱም ተከራካሪዎች ነቃፊዎች ነበሩ።

እጅ ሲወጣ ድምፁ እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዲዮዶተስ በጥቂቱ አሸነፈ። ሁለተኛ መርከብ ተላከ። የመጀመሪያው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድሞታል። ቀዛፊዎቹ የገብስ ዱቄት በወይንና በዘይት ተለውሶላቸው እየቀዘፉ በሉ፤ በየተራ እየተኙ ቀዘፉ። የመጀመሪያው መርከብ ደግሞ የያዘው ትእዛዝ የሚያስቸኩል አልነበረምና ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው። የጦር አዛዡ ደብዳቤውን አንብቦ ሊፈጽም ሲዘጋጅ ሁለተኛው ደረሰ።

ክሊዮን «ትወላውላላችሁ» ያለው እውነቱን ነው። ወላውለዋል። ሚቲሊኒን ያተረፋት ግን ያው መወላወላቸው ነው። እሱ በሽታ ነው ያለው ነገር መድኃኒትም ነበር፤ ይኼ የታየው ደግሞ እሱ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ስለተናገረ ነው። አፉን ቢያሲዙት ኖሮ ዲዮዶተስ የሚመልሰው ነገር አይኖርም ነበር፤ ክሊዮንም በየገበያው እያጉረመረመ ይበልጥ ይከብር ነበር።

በዚህ ታሪክ ግን መስከር አይገባም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ406፣ ያቺው አቴና በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት ድል ያደረጉ የጦር መሪዎቿን፣ በማዕበል ምክንያት በውኃ ላይ የቀሩትን ወታደሮች አላነሣችሁም ብላ፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሳታዳምጥ በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ፈርዳባቸው ስድስቱን ገደለች። በዚያ ቀን ጉባኤውን ከሚመሩት ሰዎች መካከል ይህ ሕግ አይደለም ብሎ እምቢ ያለው ሶቅራጥስ ነበር። ሕዝቡ ቆይቶ ተጸጸተ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለተኛ መርከብ የለም። ሶቅራጥስ ራሱም በ399 በዚያችው ከተማ ፍርድ ቤት በድምፅ ብልጫ ሞት ተፈረደበት። ተማሪው ፕላቶን አገርን የመምራት ሥራ ባሕር የማያውቁ መርከበኞች መሪውን ለመያዝ እንደሚሻሙበት መርከብ ነው ብሎ ሲጽፍ ከሰማይ አላመጣውም፤ አይቷል። መምህሩን ቀብሯል።

ደግሞም የጻፈው አቴና ተቀምጦ ነው። ትምህርት ቤቱን የከፈተውም እዚያው ነው። ፕላቶን በብዙ ነገር የሚያደንቃት ስፓርታ ግን ስፓርታን የሚነቅፍ ፕላቶን አላፈራችም። ይህን እንደ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም፤ ዴሞክራሲ ነቃፊውን ገድላም ታውቃለችና። ነገር ግን አንድን ሥርዓት ክፉኛ የሚያሳጡ መጻሕፍት በሙሉ ከዚያው ሥርዓት ጓዳ መውጣታቸው ቢያንስ የሚያስቆዝም ነገር ነው።

ነቃፊውን እንስማ ካልን ደካማውን ቃሉን ሳይሆን ጠንካራውን መስማት አለብን። «ሕዝቡ አልተማረም» የሚለው ደካማው ነው። ደካማ ያልኩት ሞኝ ሰው ስለሚናገረው አይደለም። ጆን ስቱዋርት ሚል እንኳ፣ በ1859 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሐሳብ ነፃነት ያን ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው ሰውዬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለተማረ ሰው ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰጠው ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። ደካማ የሚያደርገው የኛው ታሪክ ነው፤ በዚህች አገር ትልልቁን ጥፋት የሠሩት ያልተማሩ ገበሬዎች ነበሩ የሚል ሰው ካለ ስሙን ይንገረኝ።

ጠንካራው ክስ ሌላ ነው። እንዲህ ይላል፦ ሰው በሐሳቡ ሳይሆን በዘሩ በሚሰለፍበት አገር ምርጫ የሕዝብ ቆጠራ ይሆናል። ቆጠራ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ውጤቱ አይለወጥም። የተሸነፈው ወገን የተሸነፈው ለአንድ ዘመን ሳይሆን ለዘለዓለም ነው፤ ስለዚህ ድምፅ መስጫ ሳጥኑ ለእሱ የሰላም መንገድ ሳይሆን የሞት ደብዳቤ ነው። ይህን ክስ በስድብ ማለፍ አይቻልም። እኔ በበኩሌ ሙሉ መልስ የለኝም። ያለኝ ጥያቄ ነው፤ ያውም ነጠላችንን ቋጥረን የምጠይቀው። እሺ፣ ቆፍጣናው ሰው ይምጣ። የማን ልጅ ነው? ከሰማይ አይወርድም፤ እሱም ከአንዱ መንደር ነው የሚወጣ። ቆጠራው ቀርቶ አንድ ሰው ሲሆን ዘር የሚጠፋው በምን ተአምር ነው? እንደሚመስለኝ ክሱ የሚያመላክተው ሥልጣን ባንድ ቦታ እንዳይከማች፣ አናሳው የማይነካ መብት እንዲኖረው፣ ፍርድ ቤቱ እንዲጠነክር ነው። ክሱ በጉልበተኛ እጅ መውደቅን የሚፈራ ሰው ክስ ነውና፣ ጉልበተኛ መፍትሔ ሊሆነው አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቆፍጣናው ሰው ሲሳሳት ማን ይነግረዋል የሚል ነው። አማርትያ ሴን ደጋግሞ የተከራከረበት ነገር አለ፤ ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ከባድ የረሀብ እልቂት ሆኖ አያውቅም ይላል። ምክንያቱ ዝናብ ስለሚዘንብ አይደለም። የሚጮህ ጋዜጣና የሚፈራ ገዥ ስላሉ ነው። ሴን ቅን ሰው ነውና የነገሩን ጉድለትም አልደበቀም፤ ሕንድ እልቂቱን ብታስቀርም የየቀኑን ጠኔ አላስቀረችም። እኛ ይህን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። የ1966ቱ የወሎ ረሀብ የታወቀው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ቀርጾ በአገሩ ካሳየ በኋላ ነው። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977፣ አዲስ አበባ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ስታጌጥ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነበር። ሁለቱም ሥርዓቶች ቆፍጣና ነበሩ። ሁለቱም ጋ የሚያውቅ ባለሥልጣን አልጠፋም፤ የጠፋው ለመናገር የማይፈራ ነው።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ነቃፊውን ስማው፣ ጠይቀው፣ መልስለት። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ክርክር ብቻውን ሰውን አያድንም። በ1968 ዓ.ም. ይህችው ጥያቄ፣ ዴሞክራሲ ለማን፣ እስከ ምን ድረስ፣ አሁን ወይስ በኋላ የምትለው፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ሳይቀር በሰፊው ተከራክረውባት ነበር። ኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» በምትባለው ልሳኑ ያለገደብ ዴሞክራሲያዊ መብት አሁኑኑ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይል ነበር። መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ላይ መብቱ ለጭቁኑ እንጂ ለአድኃሪው አይሰጥም፣ ከደርግ ጋር ሂሳዊ ድጋፍ አድርገን እንሥራ ይል ነበር። ጽሑፎቹ ዛሬም ቢነበቡ ደደብ አይደሉም። ጥቅሱ ይበዛባቸዋል እንጂ ጭንቅላት አለባቸው። የተለያዩትም በሐሳብ ነበር፤ አብዛኞቹ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ ሰልፍ የወጡ፣ አንዳንዶቹም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዓመት ሳይሞላ በጥይት ይፈላለጉ ጀመር። ቀይ ሽብር መጀመሪያ አንዱን በላ፤ ቀጥሎ ሌላውን። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳም ሂሳዊ ድጋፍ በሰጠው መንግሥት እጅ ነው የተገደለው።

ምን ጎደለ? ሰዎች ከዚህ ታሪክ «ክርክር ያጫርሳል» የሚል ትምህርት ሲወስዱ እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላየውም። በድሮው ሙግት ዳኛው የሚቆመው ከሁለቱ ውጭ ነው፤ ሁለቱም ዋስ አላቸው፤ ሁለቱም ይጠየቃሉ። በ1968ቱ ሙግት ጋዜጣው የደርግ፣ ጠመንጃው የደርግ፣ ዳኛውም ደርግ ነበር፤ ደርግ ግን አይጠየቅም። ተሟጋቾቹም እንዲሁ አንዱ ሌላውን ተሳስቷል ከማለት አልፈው ጠላት ነው፣ ከሃዲ ነው፣ ቅጥረኛ ነው ወደማለት ገቡ። የክሊዮንን የመጨረሻ ቃል ያስታውሷል፤ የሚቃወመኝ ጉቦ በልቷል። ይኼ ቃል ከተነገረ በኋላ ሐሳብ መመለስ ትርጉም የለውም፤ የቀረው መፈተሽና ማሰር ነው።

በዚህ ዘመን በየክርክሩ የምትጠቀስ አንዲት የካርል ፖፐር ሐሳብ አለች፤ መቻቻልን የማይቀበሉትን ከቻልናቸው መቻቻል ራሱ ይጠፋል የምትል። ብዙ ሰው ይጠቅሳታል፤ ጥቂት ሰው አንብቧታል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ በ1945 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ትልቅ መጽሐፉ ጀርባ፣ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለችው። የናዚን ሥጋት የሸሸው ፖፐር እዚያችው ማስታወሻ ውስጥ፣ የማይቻቻሉትን በክርክር ልንመክታቸው እስከቻልን ድረስ አፋቸውን ማዘጋት ብልኅነት አይደለም ይላል። መስመሩን የሚያሰምረው ክርክርን ራሱን እምቢ ሲሉ፣ ተከታዮቻቸውን አትስሙ ብለው ሲከለክሉና ለቃል በቡጢና በሽጉጥ ሲመልሱ ነው። ይቺን ሳነብ ትዝ ያለኝ «ተጠየቅ ልጠየቅ» ነው። መስመሩ ሰውየው በሚይዘው አቋም ላይ አይደለም የሚሰመረው፤ እሱ ራሱ ለመጠየቅ ፈቃደኛ በመሆኑ ላይ ነው። ንጉሥ ይሻለናል የሚል ሰው፣ ቻይናን ተመልከቱ የሚል ሰው፣ ምርጫ ብክነት ነው የሚል ሰው፣ ተጠይቆ የሚመልስ ከሆነ ወንበር ይሰጠው። «እገሌ የሚባለው ወገን አፉ ይዘጋ» የሚለው ግን፣ ዴሞክራት ነኝ ቢልም እንኳ፣ ወንበሩን የሚፈልገው ለመነጋገር አይደለም።

ይህ መስፈርት ለሥልጣንም መሥራት አለበት፤ በተለይ ለሥልጣን። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ገዥውና ተቃዋሚው በቴሌቪዥን ተቀምጠው ሲከራከሩ አገሩ ሥራ ፈቶ ነበር የሚያየው። ሚኒስትር ሲጠየቅ፣ ሲያልበው፣ ሲመልስ ታየ። ከዚያ ሰኔና ጥቅምት መጣ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ በኋላ የቆጠረው 193 የተገደሉ ሰላማዊ ሰዎችን ነው። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የገነነው ክርክር ልማታዊ መንግሥት የሚባለው ነው፤ ድሃ አገር ለማደግ የማይቋረጥ አመራር ይፈልጋል የሚል። ክርክሩ ራሱ የተከበረ ነው፤ የምሥራቅ እስያን ታሪክ ይዞ ነው የመጣው፤ መንገዱና ግድቡም በዓይን ይታያል። ችግሩ ማን ይመልስለት ነበር? በ2002 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የረታ ሙግት ትክክል ይሁን አይሁን ባለቤቱም አያውቅም። ሥርዓቱን በመጨረሻ ያናወጠው ከአዳራሹ ውጭ፣ ከመንገድ ላይ መጣ።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ይቀራል፤ የውርርዱ ነገር። የጥንቱ ተሟጋች በቅሎውን አስይዞ ነው የሚናገረው። እኛ ምን አስይዘን ነው? ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ «ጠንካራ ክንድ ያስፈልጋል» የሚለው ሰው ክንዱ አያርፍበትም። እዚያው ተቀምጦ «አሁኑኑ ተነሡ» የሚለውም ጥይቱ አያገኘውም። ይህን ለማስተካከል ሁሉም በስሙ ይናገር የሚሉ አሉ። ነገሩ ይገባኛል፤ ግን የ1968ቱ ጸሐፊዎች በብዕር ስም የጻፉት ለመቀለድ አልነበረም፤ በስሙ የጻፈ ይሞት ስለነበር ነው። ስም ማስያዝ ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። ውጭ ላለው ምንም ማለት አይደለም፤ ቀበሌው ለሚያውቀው ሰው ቤቱ ነው፣ ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ድፍረት የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ያላስያዘው ነው፤ ለዘብ ብሎ፣ ዞር ብሎ፣ በሰምና ወርቅ የሚናገረው ደግሞ ያስያዘው። ስንሰማ ይህን ሂሳብ ውስጥ የምናስገባ አይመስለኝም።

ወደ ሚቲሊኒ ልመለስና አንድ የዘለልኩትን ልጨምር። ዲዮዶተስ ቢያሸንፍም የአመፁ መሪዎች ናቸው የተባሉ፣ ቱሲዲደስ እንደሚለው ከሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች፣ ተገድለዋል። የደሴቲቱ መሬትም ለአቴናውያን ተሸነሸነ። ለሁለተኛው መርከብ ቀዛፊዎች ዱቄቱንና ወይኑን ያቀረቡት፣ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ብዙ እንሸልማችኋለን ብለው የለመኑት፣ በዚያ ቀን አቴና ውስጥ የነበሩ የሚቲሊኒ መልእክተኞች ናቸው። በሁለቱም ቀን፣ እጅ ሲወጣ፣ የእነሱ እጅ አልተቆጠረም።